ጫጫ ላይ የቆመችው ቮልስ

ማርሹ ከላላ ከርሟል። ስነዳ ዘንጉ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይወዛወዛል። ሁለተኛ ፈልጌ ኋላ ማርሽ ጋ የምደርስበት ጊዜም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የዘንጉን እግር የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ጥርቅም አድርጎ አጠበቀና "አለቀ" አለኝ። እኔም አመንኩት።

ጥር ውስጥ ነው። አባባ ደብረ ሲና ያሉትን እህታቸውን ማየት ፈለጉ። በአውቶቡስ እንሂድ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። "እሷ እያለችማ!" አሉ፣ ወደ ቮልሷ እያዩ። 1300 ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከእጃቸው ወጥታ አታውቅም።

በለገጣፎ ወጥተን ሰንዳፋንና አለልቱን አለፍን። ሸኖ ላይ ቁርስ በላን። አባባ ለእህታቸው ለጋ ቅቤ ገዙ። ሸኖ ደርሶ ቅቤ ሳይዙ ማለፍ ለእሳቸው አይሆንላቸውም። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ሞተሯ ከኋላ እያጉረመረመ፣ ገለባ የተከመረበትን ሜዳ ግራና ቀኝ እያየን ተጓዝን።

ጫጫ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ዳገት ያዝን። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመቀነስ ዘንጉን ሳብኩት። ምንም አልያዘም። ግራ፣ ቀኝ፣ ፊት፣ ኋላ፣ እንደ ልቡ ይዞራል። ፍሪሲዮን ረግጬ ዳር አስያዝኳት። እጄ ላይ የቀረው ዘንግ ብቻ ነበር፤ ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ ሦስተኛ ላይ እንዳለ ተቀርቅሯል።

መንገድ ላይ ያሉ ልጆች ገፉልን። በሦስተኛ ማርሽ እየተንዘፈዘፈች ከተማዋ ድረስ ገባች። ፍሪሲዮኑ አሳዘነኝ፤ ሽታው እስከ ውስጥ ድረስ ይመጣል። እንደገና መቆም ስላልፈለግኩ መጀመሪያ ያየሁት ጎሚስታ ደጃፍ ላይ አቆምኳት።

ጎሚስታው ሃምሳዎቹ ውስጥ የሚገመቱ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ማርሽ እምቢ አለኝ" አልኳቸው። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው አንዴ ወዘወዙት። ከዚያ ቡሎኖቹን ይፈታሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ኋላ ሄዱና የኋላውን ወንበር አነሱት።

"ችግሩ እጅህ ያለበት ቦታ አይደለም ልጄ" አሉኝ። "ካምቢዮው የት ነው ያለው? ኋላ አይደል?"

እውነትም ነው። ቮልስ ሞተሯም ካምቢዮዋም ከኋላ ነው። በእጅ የምንይዘው ዘንግ አንድ ረጅም ብረት ይገፋል፣ ይስባል። ብረቱ በመኪናዋ ወለል መሃል፣ ያ ከፍ ብሎ በሚታየው ቦይ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ከኋላ ወንበር ሥር ከካምቢዮው ጋር ይገናኛል። መገናኛው ላይ የእጅ መዳፍ የማትሞላ ማያያዣ አለች። የሞተሩ ንዝረት በብረቱ በኩል ወደ እጅ እንዳይመጣ ውስጧ ጎሚኒ አላት።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ አላቀቁ። ባትሪው እዚያው ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ሽቦ ባትሪውን ከነካ እሳት ሊነሳ ይችላል፤ መሸፈኛው መኖሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቦዩ ጫፍ ላይ ያለችውን ክዳን በካቻቢቴ ከፈቱና በባትሪ መብራት አሳዩኝ።

ጎሚኒው የለም ማለት ይቻላል። እንደ ሻገተ ዳቦ ተፈርፍሮ አቧራ መስሏል። ማያያዣዋን ከካምቢዮው ብረት ጋር የምትይዘው ባለ አራት ማዕዘን ራስ ቡሎን ደግሞ ከቦታዋ ወጥታለች። የቡሎኗ ራስ ላይ ቀዳዳ አለ፤ እንዳትፈታ ሽቦ ገብቶበት መታሰር ነበረበት። የቀደመው እጅ ሲገጥማት ሽቦውን ትቶታል። በዚህ ተናደድኩ። አንድ ስንዝር ሽቦ ነው እኮ።

አባባ ከጎኔ ቆመው "ጎሚኒ ከየት ይመጣል አሁን?" አሉ። ደብረ ብርሃን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፣ እዚያም ቢሆን የቮልስ ዕቃ መገኘቱ አጠራጣሪ ነው። ሰውዬው መልስ አልሰጡም። ጥግ ከተከመረው ያረጀ የከባድ መኪና ጎማ አንዱን ጎትተው አወጡ። በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት ድርቅ ያለ ጎማ ነው። ቢላዋውን ውኃ እያስነኩ ሁለት ቁራጭ ቆረጡ፤ ውኃው ቢላዋው እንዳይያዝ ነው። ከዚያ በጋለ ምስማር መሃላቸውን በሱ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል።

ማያያዣዋን ለማውጣት የፊቱ ዘንግ መነሳት ነበረበት። ሁለቱን ቡሎኖች እኔ ፈታሁ። ከመፍታቴ በፊት የነበሩበትን ቦታ በጠመኔ እንዳሰምርበት አዘዙኝ። ከዘንጉ እግር ሥር ያለችው ሳህን ትንሽ ከዞረች ሁለተኛና ኋላ ማርሽ ይምታታሉ አሉ። የአዲስ አበባው ጥርቅም ለምን እንዳልጠቀመኝ ያኔ ገባኝ።

ረጅሙን ብረት ወደ ፊት ገፍተው ማያያዣዋን አወጧት። የካምቢዮውን ብረት በፒንሳ ይዘው ሳብ ሲያደርጉት "ጥቅ" አለ። ከሦስተኛ ወጥቶ ዜሮ ገባ። አዲሶቹን ቁራጮች በመዶሻ እያባበሉ አስገቧቸው። የቡሎኗ ሹል ጫፍ ብረቱ ላይ ካለው ጎድጓዳ ላይ በትክክል እስክትቀመጥ ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በመጨረሻ ሽቦውን በራሷ ቀዳዳ አሳልፈው ሁለት ዙር ጠመዘዙት። እኔ ዘንጉን በጠመኔው ምልክት ላይ መልሼ አሰርኩት።

አራቱንም ማርሽ አስገባሁ። ጥርት ያለ ነው። እንዲያውም ከበፊቱ ጠንከር ብሎ የሞተሩ ንዝረት እጄ ላይ ይሰማል፤ ጎማው ደረቅ ስለሆነ ነው። ሰውዬው የጠየቁኝ ሒሳብ አሳፈረኝ። አባባ ጨመር አድርገው ጨበጧቸውና ረጅም ምርቃት መረቁ።

ደብረ ብርሃንን ሳንቆም አለፍን። ጣርማ በር ላይ ጉም ጠበቀን። ጣሊያኖች የሠሩትን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሁለተኛ አስገባሁና እዚያው ተውኩት። ፍሬን ብዙም ሳልነካ፣ ሞተሩ እየያዘን፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወረድን። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። አየሩ ሞቅ አለ።

አክስቴ ቤት በር ላይ አባባ "ውረድ" አሉኝ። መሪውን ያዙ። ዘንጉን ወደ ታች ተጫኑት፣ ወደ ግራ ወሰዱት፣ ወደ ኋላ ሳቡት። ሳያዩ ነው። ቮልሷ ቀስ እያለች የኋሊት ግቢው ውስጥ ገባች።