ነባሩን የኮርኒስ ቬንትሌተር በሪሞት ማድረግ፦ ሰማያዊው ሽቦ የማን ነው?

ገመድ እየተሳበ ወይም ግድግዳ ላይ ባለች ማዞሪያ የሚሠራ የኮርኒስ ቬንትሌተር ሪሞት እንዲኖረው ሙሉውን መቀየር አያስፈልግም። ለብቻው የሚሸጥ የሪሞት ኪት አለ፤ ውስጡ አንድ ሪሲቨር፣ አንድ ሪሞት፣ ሪሞቱን ግድግዳ ላይ የምትይዝ ማስቀመጫና ጥቂት የሽቦ ማያያዣ ይገኛል። ሪሲቨሩ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ኮርኒሱ ላይ በሚገጥመው ቆብ ውስጥ ይደበቃል። ከግድግዳ የመጣው ኃይል መጀመሪያ ወደ እሱ ይገባል፣ ከእሱ ደግሞ ለሞተሩና ለመብራቱ ለየብቻ ይወጣል። ሥራው ይህን ያህል ነው። የሚቃጠሉት ሪሲቨሮች አብዛኞቹ ግን ዕቃው ስለማይረባ አይደለም የሚቃጠሉት፤ ወይ ሽቦ በቀለሙ ታምኖ ተገናኝቷል፣ ወይ አሮጌው መቆጣጠሪያ ሳይነሳ ቀርቷል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሞተሩን እወቁ። ገመድ ያለው ወይም በግድግዳ ሬጉሌተር (የፍጥነት ማዞሪያ) የሚሠራ ቬንትሌተር በተለምዶ የኤሲ ሞተር አለው፤ ኪቱም የተሠራው ለእሱ ነው። ከፋብሪካ ከነሪሞቱ የመጣና አምስት ስድስት ፍጥነት ያለው ከሆነ ግን ዲሲ ሞተር ሊሆን ስለሚችል የሞተሩን ጽሑፍ አንብቡ። ዲሲ ሞተር የራሱ መቆጣጠሪያ ቦርድ ስላለው ለኤሲ የተሠራ ሁለገብ ኪት አይሠራለትም። ቀጥሎ ቮልቴጅ፦ ለ120 ቮልት የተሠራ ሪሲቨር 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ዕድሜው ሰከንድ ነው። ሪሲቨሩ ላይ ለሞተርና ለመብራት የሚችለው ጭነት ለየብቻ ተጽፏል፤ የአምፖሎቻችሁን ዋት ደምሩና አመሳክሩ። በመጨረሻ ቆቡን ለኩ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከኮርኒሱ ጋር ተጣብቆ የሚገጠም፣ ዘንግ የሌለው ቬንትሌተር ቆቡ ጠባብ ስለሆነ ሪሲቨሩ ላይገባ ይችላል። በግድ የተጠቀጠቀ ሳጥን ሽቦ ይቀጠቅጣል፣ አየር አጥቶም ይግላል።

በኢንፍራሬድና በሬዲዮ ከሚሠሩት ሬዲዮውን ምረጡ። ኢንፍራሬድ ሪሲቨር ከቆቡ ውጭ የምትለጠፍ «ዓይን» አለችው፣ ሪሞቱም እሷን ማየት አለበት። የሬዲዮው፣ ብዙ ጊዜ በ315 ወይም በ433.92 ሜጋኸርዝ የሚሠራው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ ብትጫኑትም ይሰማል።

አሁን ግድግዳው። ሬጉሌተር ወይም የመብራት ዲመር (ማደብዘዣ) ካለ መነሳት አለበት፤ በቦታው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባ። ሪሲቨሩ ሙሉና ያልተነካ ኃይል ይፈልጋል። ሬጉሌተሩ ቮልቴጁን ሲቀንስበት ወይም ሞገዱን ሲቆራርጥበት ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ እየጠፋ ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ኋላም ይቃጠላል። «ሬጉሌተሩን መጨረሻው ላይ አድርጌ ልተወው» የሚባል ነገር አለ፤ አትተዉት፤ አንድ ቀን እንግዳ ወይም ልጅ ያዞረዋል። ማብሪያ ማጥፊያውን ግን ጨርሳችሁ አታስወግዱ። ክንፍ ለማጽዳት፣ ኮድ (ሪሞቱና ሪሲቨሩ የሚተዋወቁበትን ምልክት) ለማስተማር፣ ሪሲቨሩ ሲደነዝዝ አጥፍቶ ለማብራት ትፈልጉታላችሁ።

ለማራገቢያውና ለመብራቱ ሁለት የተለያዩ ማብሪያዎች ካሉ ደግሞ ከኮርኒሱ ሁለት ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ይወርዳል። ሪሲቨሩ የሚፈልገው አንድ ብቻ ነው። አንዱን መርጣችሁ አገናኙ፣ ሌላውን ጫፉን በማያያዣ ዘግታችሁ ከማብሪያውም ላይ አላቅቁት። ሁለቱን አንድ ላይ አትጠምዝዙ፤ ከሁለት የተለያዩ ብሬከሮች የመጡ ከሆኑ አንዱን ብሬከር አጥፍታችሁ በሌላው ትያዛላችሁ።

ወደ ሰማያዊው ሽቦ እንምጣ። በአሜሪካ አሠራር ጥቁር ፌዝ፣ ነጭ ኒውትራል (ኃይሉ የሚመለስበት)፣ አረንጓዴ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) ነው፤ በቬንትሌተርና በኪት ላይ ሰማያዊ ማለት የመብራቱ ፌዝ ነው። በብዙ ሌሎች አገሮች በሚሠራበት አሠራር ደግሞ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴ ከቢጫ ጋር ኤርዝ ነው። የአሜሪካን ቀለም ይዞ የተሠራ ኪት ሌላው አሠራር ባለበት ቤት ሲገባ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር የተገናኘ ዕለት ምን እንደሚሆን አስቡት። የሪሲቨሩ ሰማያዊ የመብራት መውጫ ከቤቱ ኒውትራል ጋር ተገናኝቷል። ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከዚያ የመብራቱን ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ ፌዙ በሪሲቨሩ ውስጥ አልፎ በቀጥታ ኒውትራሉ ላይ ይወድቃል። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሪሲቨሩም አብሮ ይሞታል።

ስለዚህ በቀለም ሳይሆን በመለካት ሂዱ። ብሬከሩን አጥፉ፤ የግድግዳውን ማጥፊያ ብቻ አትመኑ፣ በስህተት ኒውትራሉን የሚቆርጥ ሆኖ ፌዙ እላይ ቆሞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ከኮርኒሱ የሚመጡትን ሽቦዎች ፈትታችሁ እንዳይነካኩ አራርቁ፣ ከዚያ ኃይሉን መልሳችሁ በመልቲሜትር ለኩ። በፌዝና በኒውትራል መካከል የቤቱ ሙሉ ቮልቴጅ ይነበባል፣ በፌዝና በኤርዝ መካከልም እንዲሁ፤ በኒውትራልና በኤርዝ መካከል ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ብሬከሩን እንደገና አጥፉና በናስትሮ ምልክት አድርጉ። በቬንትሌተሩ በኩል አምፖሉን አውጡ፣ የመብራቱን ገመድ አንድ ጊዜ ሳቡና መልቲሜትሩን ሁለቱ ጫፎቹ ሲገናኙ በሚጮኽበት መለኪያ ላይ አድርጋችሁ በአምፖል መያዣው መሀል ባለችው ምላስና በየሽቦው መካከል ፈትሹ። የጮኸው የመብራቱ ፌዝ ነው። ካልጮኸ ገመዱን ደግማችሁ ሳቡ፤ ማጥፊያው ዝግ ነበር ማለት ነው። የመያዣው ጥርስ ላይ የሚጮኸው ኒውትራሉ ነው፤ ለሞተሩም ለመብራቱም የጋራ ነው። የቀረው፣ ከኒውትራሉ ጋር በኦም ሲለካ ተቃውሞ የሚያሳየው፣ የሞተሩ ነው።

የማራገቢያው ገመድ ምን ላይ እንዳለ ደግሞ ሽቦዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት መታወቅ አለበት። ኃይል እያለ አንድ ጊዜ አስነሱትና ከሁሉም የሚፈጥነው ላይ አድርጋችሁ ተዉት፤ የመብራቱም ገመድ በበራበት ይቁም። ሪሞቱ ፍጥነት የሚቀንሰው ከሙሉው ላይ ነው። ገመዱ ዝቅተኛው ላይ ከቀረ የሪሞቱ ሦስት ፍጥነቶች ሁሉ ዘገምተኛ ይሆናሉ፣ ጭራሽ የማይነሳም አለ።

መግጠሙ ራሱ ፈጣን ነው። ቆቡን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትታችሁ በዘንጉ ላይ ወደ ታች አንሸራቱት፤ ቬንትሌተሩን ከመንጠቆው ማውረድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የነበረውን ግንኙነት ፎቶ አንሱ። በሪሲቨሩ አንድ ጫፍ የመግቢያ ሽቦዎች፣ በሌላው የመውጫ ሽቦዎች አሉ፤ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው፣ መግቢያና መውጫ ከተለዋወጠ ዕቃው አይተርፍም። ሳጥኑን በመስቀያው ብረት ውስጥ፣ ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ ኮርኒሱ ሆኖ፣ አስገቡት። ኤርዙ ሪሲቨሩን አልፎ በቀጥታ ከቤት ወደ ቬንትሌተሩ አካልና መስቀያው ይሄዳል፣ መጀመሪያ እሱን አገናኙ። ከዚያ የቤቱ ፌዝና ኒውትራል ወደ መግቢያው፤ የሞተሩ ፌዝ፣ የመብራቱ ፌዝና የጋራው ኒውትራል ወደ መውጫው። ሽቦውን ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ላጡ፣ በሞርሴቶ ወይም በኪቱ ማያያዣ አጥብቁ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ጎተት አድርጉ። የተጎተተው ከወጣ አሁን መውጣቱ ይሻላል። ናስትሮ ማገጃ እንጂ ማያያዣ አይደለም።

ያለ ገመድ፣ በግድግዳ ሬጉሌተር ብቻ ይሠራ የነበረ ቬንትሌተር ከሆነ የሞተሩ ካፓሲተር (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ኃይል ያዥ ዕቃ) ባለበት ይቆይ፤ ሪሲቨሩ የሚተካው ሬጉሌተሩን ነው። ካፓሲተር ኃይል ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ሊይዝ ስለሚችል ጫፎቹን በጣት አትንኩ። እንዲህ ዓይነቶቹ ሁለት ቆብ አላቸው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ሞተሩ አናት። ሪሲቨሩ የላይኛው ውስጥ ነው የሚገባው። የታችኛው ከሚሽከረከረው አካል ጋር ስለሚጎራበት የላላ ሽቦ እዚያ ተፍቆ ይበላል።

ከሪሲቨሩ የምትወጣ አንዲት ቀጭን ሽቦ ከምንም ጋር አትገናኝም። አንቴና ናት። አትቁረጧት፣ አትጠቅልሏት፣ ከኃይል ሽቦዎቹ ጋር አትሰሯት። ቆቡ ብረት ስለሆነ ውስጡ ከታፈነች ሪሞቱ የሚሠራው ከሥሩ ቆማችሁ ብቻ ይሆናል። በቆቡና በኮርኒሱ መሀል ባለው ስንጥቅ ጫፏ ብቅ ትበል።

ኮድ ሳትሞሉ ቆቡን አትዝጉ። አሮጌዎቹ ኪቶች በሪሞቱ ባትሪ ቤትና በሪሲቨሩ ጎን ላይ በብዕር ጫፍ የሚገፉ አራት ጥቃቅን ማብሪያዎች አሏቸው፤ ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አራት ማብሪያ 16 አቀማመጥ ይሰጣል፤ የፋብሪካውን አቀማመጥ ሳይቀይር የሚገጥመው ሰው ግን ብዙ ነው። ሌሊት ራሱን የሚያበራ ቬንትሌተር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ተጋሪው ጎረቤት የገዛው ተመሳሳይ ሪሞት ነው። አዳዲሶቹ ደግሞ ኃይል በበራ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቁልፍ ሲያዝባቸው ይማራሉ፤ ሁለት ቬንትሌተር ባንድ ብሬከር ካለ ሁለቱም አብረው እንዳይማሩ አንዱን በግድግዳ ማጥፊያው አጥፉት።

ቬንትሌተሩ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ ሪሲቨሩ ሞገድ እየቆረጠ ነው የሚያዘገየው፤ በካፓሲተር የሚቀንሱት ዝም ያሉ ናቸው፣ ሲገዛ መጠየቅ ያዋጣል። በሁሉም ፍጥነት የሚያጉረመርም ከሆነ መጀመሪያ ያልተነሳ ሬጉሌተር ፈልጉ። የኤልኢዲ አምፖል ብልጭ ድርግም ካለ ሪሲቨሩ መብራት የማደብዘዝ ሥራ አለው፣ አምፖሉ ደግሞ አይደበዝዝም፤ ወይ የሚደበዝዝ አምፖል ግዙ ወይም ኪቱ ላይ ካለ የማደብዘዣውን ማብሪያ አጥፉ። ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ የሚበራ አምፖል የሚበራው በሪሲቨሩ በኩል በሚያልፍ ትንሽ ኃይል ነው። የአዟዟር አቅጣጫ የሚቀይረው ማብሪያ እንደነበረው ቬንትሌተሩ ገላ ላይ ይቀራል፤ ክንፎቹ ቆመው ብቻ ይነካ።

ባለ ማብሪያ ኪት ከሆነ የአራቱን አቀማመጥ በሪሞቱ ባትሪ ክዳን ውስጥ ብቻ ሳይሆን በግድግዳ ማብሪያው ሽፋን ጀርባ ላይም ጻፉት። ሪሞቱ ሲጠፋ አቀማመጡም አብሮ ይጠፋል፤ ያኔ ለአራት ትንንሽ ማብሪያ ብላችሁ መሰላል አቁማችሁ ቆቡን ትፈታላችሁ።