ቀና ሳይል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኛል። ምክንያቱን ፈልጌ አጣሁት። የዶርሜ ልጅ እንቅልፍ ነው ትላለች። እሷ ሁሉንም ነገር እንቅልፍ ነው የምትል ሰው ናት፣ ታውቋታላችሁ።

ምናልባት ከጠዋቱ የሬጅስትራር መስኮት ነው የጀመረኝ። አንድ ኮርስ ለመጨመር ፎርም ይዤ ተሰልፌ ነበር። የፊቴን ልጅ የቦርሳ ዚፕ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር አሾለክሁት። ሰውዬው ቀና ሳይል መልሶ ገፋው። "ፊርማ ይጎድለዋል።" የማን ፊርማ አልኩት። "ቀጣይ!" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ከኋላዬ ላለው። ከሰውዬው የማስታውሰው አውራ ጣቱን ብቻ ነው፣ በማኅተም ቀለም ወይን ጠጅ የሆነች አውራ ጣት።

እየተበሳጨሁ ስወጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። ባለፈው ሳምንት በአስተዳደር ትምህርት ሚድ ፈተና ላይ ለዚሁ ሰውዬ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ጥብቅና ቆሜለት የለ! ጥያቄው ስለ ቢሮ አሠራር ስለጻፈው ጀርመናዊ ምሁር፣ ስለ ማክስ ዌበር ነበር። እኔም ጥሩ ቢሮክራት ያለ ቂምና ያለ ፍቅር በደንቡ ይሠራል፣ ቢሮው የግል ንብረቱ አይደለም፣ ዘመድ ጠላት አይልም፣ ፊት አይቶ አያዳላም እያልኩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ለቀቅኩት። ሙሉ ማርክ ነው ያገኘሁት። እንግዲህ ፊቴን አላየም። ምን አጠፋ?

ዌበርን ካነሳሁ አይቀር፣ እኔ ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ የራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከአባቱ ጋር ክፉኛ ተጣላ፣ ሳይታረቁም አባትየው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ወደቀ። እንቅልፍ አጣ፣ ማስተማር አቃተው፣ በ1903 የፕሮፌሰርነት ወንበሩን ለቀቀ። ቢሮ ማለት የግል ስሜት በር ላይ የሚቀርበት ቦታ ነው ብሎ የተነተነልንን ሰው፣ የራሱ ሐዘን ከቢሮው አስወጥቶታል። ሃንድአውቱ ላይ ይሄ የለም። ሃንድአውቱ ላይ ያሉት የቢሮክራሲ ባሕርያት ናቸው፣ በቁጥር ተደርድረው፣ እነሱን ሸምድዶ ገብቶ መትፋት ነው።

ዊልሰንም ያው ነው። ዉድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጣው ጽሑፍ አስተዳደር ከፖለቲካው ግርግር ውጭ የሆነ ሥራ ነው አለ። ሕገ መንግሥት ከመጻፍ ይልቅ ማስኬዱ እየከበደ መጥቷልም አለ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ትምህርታችሁ የሚጀምረው ከዚህ ነው ተብለን ፍሬሽማን ሆነን ተነግሮናል። ሰውዬው በ1913 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት በእሱ አስተዳደር ሥር ፖስታ ቤቱና ግምጃ ቤቱ ጥቁር ሠራተኞችን ከነጮቹ መነጠል ጀመሩ፣ የሥራ ቦታቸውን፣ የሚበሉበትን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር። በመንግሥት ቢሮ፣ በሥርዓት፣ በአለቃ ትእዛዝ። ታዲያ ይሄ ፖለቲካ ነው አስተዳደር? መምህራችንን ጠየቅኩት። "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። እሱም ቀጣይ! ማለቱ ነበር ለካ።

ከሁሉም የሚጥመኝ ሊፕስኪ ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ማይክል ሊፕስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ያለው ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ፖሊሲ የሚወጣው ላይ ብቻ አይደለም፣ ፖሊሱም መምህሩም መስኮት ላይ ያለውም ሰው በየቀኑ በሚወስኗት ትንንሽ ነገር ፖሊሲ ይሠራሉ። ባለጉዳዩ ብዙ ነው፣ ጊዜውም አይበቃም፣ ስለዚህ ቀኑን የሚያልፉባት የራሳቸውን ዘዴ ይፈጥራሉ። አንዷ ዘዴ ቀና አለማለት ናት እላለሁ እኔ። ለተሰለፈው ሁሉ ቀና ቢል አንገቱስ ይተርፋል?

ቀና ቢልስ ደግሞ? ቀና ካለ ፊት ያያል። ፊት ካየ አንዱ ያሳዝነዋል፣ ያሳዘነውን ያሳልፈዋል፣ የእኔ ፊት ደግሞ የሚያሳዝን ዓይነት አይደለም። ስለዚህ እንደማያይ ሆኖ ቢቀመጥ የምጠቀመው እኔ ነኝ። ይሄን በደንብ አውቃለሁ፣ ማርክም አግኝቼበታለሁ። ታዲያ ለምንድነው የደበረኝ? ደግሞ እኮ ቆይቼ ተመርቄ የምቀመጠው እዚያው መስኮት ውስጥ ነው፣ ሌላ የት ልቀመጥ፣ አምባሳደር እሆናለሁ ብዬ የማወራው ለአክስቶቼ ነው።

አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል። ይሄን ልጽፍ እስክሪብቶ ስፈልግ ፎርሙ ከቦርሳዬ ወጣ፣ አራት ቦታ ተጣጥፎ። ጀርባው ላይ በደማቁ ተጽፏል፤ መጀመሪያ አማካሪ መምህር ይፈርማል፣ ከዚያ ዲፓርትመንት፣ ከዚያ ሬጅስትራር። ከሥሩ ደግሞ የመጨረሻው ቀን። ዛሬ ነበር፣ 11 ሰዓት ላይ ተዘግቷል።

ሦስተኛ ዓመት የአስተዳደር ተማሪ ነኝ። የኮርሱን ስም አልነግራችሁም፣ ትስቁብኛላችሁ።