ጋራ ሙለታ ላይ አበባ ፍለጋ

ጋራ ሙለታን በታሪክ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ልጅ ኢያሱ በመጨረሻ ዘመናቸው የታሰሩበት ተራራ ሆኖ። አበቦቹን እንዳይ የገፋፋኝ ድንች ለመጫን ተራራው ሥር ወዳለችው ግራዋ ከተማ የሚመላለስ አጎቴ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ በነሐሴ ነበር። ከድሬዳዋ ረፋድ ላይ ተነስቼ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ በሐረር በኩል ግራዋ ስደርስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት አልፏል። ተራራው በጉም ተውጧል። ለድሬ ሙቀት የለበስኩት ስስ ሸሚዝ በዝናብ ርሶ ላዬ ላይ ተጣበቀ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጋራ ሙለታ ጫፍ ግን ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ምንም ሳላይ ተመለስኩ።

ሁለተኛው የመስከረም መጨረሻ ነው። ሹራብና የዝናብ ልብስ ይዤ ግራዋ አደርኩ፤ የአካባቢውን ሽማግሌ መንገድ እንዲመሩኝ ለምኜ፣ የቀን አበላቸውን ማታውኑ ተስማምተን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መውጣት ጀመርን። ጉሙ ሳይወርድ አምስት ሰዓት ያህል አገኘን።

ከድንችና ከገብሱ ማሳ በላይ ቢጫ ባየሁ ቁጥር «አደይ!» እላለሁ። ሽማግሌው ታገሱኝና አንዱ ቁጥቋጦ ጋ አቆሙኝ። «ልጄ፣ ቅጠሉን እይ እንጂ።» አሜጃ ነበር። አበባው አምስት ሰፋፊ ቅጠሎች አሉት፤ መሃሉ በቀጫጭን ክሮች ተሞልቷል። ጠባቦቹ ቅጠሎች ደግሞ ግንዱን ጥንድ ጥንድ ሆነው አቅፈውታል። አንዷን ወደ ፀሐይ ሳነሳት ብርሃን የሚያሳልፉ ቀጫጭን መስመሮች ታዩኝ። ጠል ባረጠበው ቁጥቋጦ ዙሪያ ቅመም ቅመም የሚል ሽታ አለ። ከዚያ ወዲህ አበባ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቅጠሉ ነው።

ወደ ላይ ስንወጣ አስታው ጀመረ፤ እንደ ደወል ቁልቁል ያዘቀዘቁ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ያሉት። ቀጋም ከጫካው ዳር አብቧል። ከሰሐራ በታች የበቀለች የአገራችን ጽጌረዳ መሆኗን ሳስብ አጠገቧ ቆሜ መሄድ አቃተኝ። እንዲህ ያለ ከፍታ ያላቸው ተራሮች በሞቃት ቆላ ተከብበው እንደ ደሴት ናቸው፤ የደጋው ተክል ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም። ብርቅ አበባ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ አንድ ሥር መንቀልም እዚህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሽማግሌው አንድ እረኛ ልጅ ቅርንጫፍ ሲሰብር አይተው «ተው፣ ንቡ ምን ይብላ?» ብለው ገሠጹት። እኔም ካሜራዬን ብቻ ይዤ ወረድኩ።

ፎቶዎቹን ዕፅዋት ለሚያስተምር ወዳጄ አሳየሁት። አብዛኞቹን ለይቶ ስማቸውን ነገረኝ። ከአስታው ሥር ያነሳኋትን ትንሽ ሐምራዊ አበባ ግን መለሰልኝ፤ «ቅጠሏ የታል?» አለኝ። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ጉሙ እየመጣ ቸኩዬ አበባዋን ብቻ ነበር ያነሳሁት። ለመጪው መስከረም ከሽማግሌው ጋር ተቀጣጥረናል።