ጎንደር ላይ ያጠናሁት የኢንስትሩመንት ኦራል

«ደመና ውስጥ እየበረርክ ሬዲዮህ ሞተ እንበል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከደመናው ወጣህ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከፊትህ የአውሮፕላን ማረፊያ ይታይሃል። ምን ታደርጋለህ?»

የአብራሪነት ፈታኜ ይህን ሲጠይቀኝ በውስጤ ደስ አለኝ። ሬዲዮ ሲጠፋ የሚደረገውን በቃሌ ነበር የማውቀው። ወዲያው ጀመርኩ። የተፈቀደልኝን መስመር እከተላለሁ፤ በራዳር እየመሩኝ ከነበረ ወደተባልኩበት ነጥብ በቀጥታ እሄዳለሁ፤ ያ ከሌለ «ቀጥሎ ይህን ትታዘዛለህ ብለህ ጠብቅ» ወደተባልኩት፤ እሱም ከሌለ በበረራ ዕቅዴ ወዳስመዘገብኩት። ከፍታው ደግሞ ከተፈቀደልኝ፣ ጠብቅ ከተባልኩትና ለመስመሩ ከተወሰነው ዝቅተኛ ከፍታ ትልቁ ነው። ሳልተነፍስ ወረድኩት።

ሰውዬው እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ጎበዝ። ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ማረፊያውም ይታይሃል ብዬህ ነበር» አለኝ።

ደንቡ እኮ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ውጭውን እያየህ መብረር የምትችልበት አየር ላይ ከሆንክ፣ እያየህ በረህ ሁኔታው እንደፈቀደልህ ቶሎ ታርፋለህ። አለቀ። እኔ የደገምኩት ከደመና መውጣት ላልቻለ ሰው የተጻፈውን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ተመሳሳይ ጥያቄዎች መጡ፤ ሁለቱንም እንደዚያው መለስኩ። ወደ አውሮፕላኑ ሳንሄድ ፈተናው ቆመ።

ይህ የሆነው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ አሜሪካ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ የኢንስትሩመንት ሬቲንግ ውጭውን ሳታይ፣ በመሣሪያዎች ብቻ እየተመራህ ደመና ውስጥ እንድትበር የሚፈቅድ ማረጋገጫ ነው። በተለመደው መንገድ ለፈተናው ለመቅረብ 40 ሰዓት የመሣሪያ በረራና በአዛዥነት 50 ሰዓት የረጅም ርቀት በረራ ያስፈልጋል። ፈተናው መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ በቃል ነው፣ ኦራል የሚባለው፤ ቀጥሎ አየር ላይ። ጠረጴዛው ላይ ከወደቅክ ሞተር አታስነሳም። በ60 ቀን ውስጥ ተመልሰህ ከጨረስክ ግን ያለፍከው ክፍል ሊያዝልህ ይችላል። ፈታኙ ያለው ቅርቡ ክፍት ቀን ከሰባት ሳምንት በኋላ ነበር። እናቴ ስትሰማ ትኬት ቆርጣ «ና ቤትህ፣ እዚህ አጥና» አለችኝ። ሐምሌ ሲገባ ጎንደር ነበርኩ።

የመጀመሪያዎቹን አስር ቀናት አበላሸኋቸው። ያው የለመድኩትን ነበር የማደርገው። ባለቀለም ብዕር፣ የጥያቄና መልስ ስብስብ፣ ትንንሽ ካርዶች። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ጮክ ብዬ እደግማለሁ። አያቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎንደር ደግሞ የአቋቋም አገር ነው፤ በዓታ ማን እንደሚማር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀምጠው ሲሰሙኝ ከረሙና አንድ ቀን ጠየቁኝ።

«ምንድን ነው ይኼ የምትደግመው?»

ነገርኳቸው። በሦስት ከፍታዎች መካከል ትልቁን እመርጣለሁ አልኳቸው።

«ስለምን ትልቁን?»

ዝም አልኩ። ከመጽሐፉ ላይ «ትልቁን» የሚለውን ቢያንስ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አባባ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና «ንባቡን ይዘኸዋል። ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ።

አልተቆጡም። ለደቀ መዝሙሮቻቸው እንደሚሉት ነው ያሉኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። መብራትም ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ብርሃን ደንቡን እንደ አዲስ አነበብኩት። ለካ ነገሩ ሁሉ አንድ ሐሳብ ነው። ተቆጣጣሪው አያናግረኝም፣ እኔም አላናግረውም። ስለዚህ ሁለታችንም ሳንነጋገር አንድ ዓይነት ነገር ማሰብ አለብን። እኔ ወዴት እንደምሄድ እሱ ቀድሞ ካወቀ ሌሎቹን አውሮፕላኖች ከመንገዴ ያነሳልኛል። ከሦስቱ ትልቁ ከፍታ የሚመረጠው ደግሞ ተራራ እንዳልነካና ከተቆጣጣሪው ግምት እንዳልወጣ ነው። ይህ ከገባህ ፊደላቱን ባታስታውስ እንኳ ደንቡን ራስህ ልትጽፈው ትቀርባለህ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከቡና በኋላ አንድ ርዕስ ለአባባ ማስረዳት ሥራዬ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ፦ አባባ እንግሊዝኛ አይሰሙም። የእንግሊዝኛ ቃል ጣል አድርጎ ማምለጥ የለም። ፈታኙ ፊት ያልገባኝን ነገር የምሸፍነው በዚያ ነበር። ቃሉን ጠርቼ አልፋለሁ፤ ቃሉን ስለጠራሁት ያወቅኩት ይመስለኛል። አማርኛ ላይ ስደርስ ግን ባዶ ሆኜ እገኛለሁ።

የፍጥነትና የከፍታ መሣሪያዎቹን ምሳሌ ላንሳ። ጎኑ ላይ ያለው ትንሽ ቀዳዳ በበረዶ ቢደፈን ምን ይሆናል? መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ የከፍታው መሣሪያ ይቆማል፣ የመውጣትና የመውረዱ ዜሮ ላይ ይቀመጣል፣ ፍጥነቱ ስትወጣ ያንሳል፣ ስትወርድ ይበዛል። ለአባባ ግን እንዲህ አልኳቸው። «ያ ቀዳዳ የአውሮፕላኑ ጆሮ ነው፣ የማይነፍሰውን አየር ክብደት ይሰማበታል። ሲደፈን የተደፈነበት ቦታ አየር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣ የውጪው አየር እየሳሳ ይሄዳል፣ የታሰረው ግን እንደወፈረ ነው። የፍጥነት መሣሪያው ከፊት የሚገባውን አየር ከታሰረው ጋር ነው የሚያመዛዝነው። የታሰረው ከባድ ስለሆነበት ፍጥነቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል።»

«ሲወርድሳ?»

«ያኔ ይገለበጣል አባባ። አብልጦ ያሳያል።»

«እንግዲያው ክፉው የቱ ነው?»

ይህን ጥያቄ የትኛውም መጽሐፍ አልጠየቀኝም። ክፉው መውረዱ ነው። ለማረፍ እየወረድክ መሣሪያው «ፈጥነሃል» ይልሃል፤ አንተ ታቀዘቅዛለህ፤ እውነተኛው ፍጥነትህ ግን ድሮውንም ያነሰ ነበር። ያን ማታ የተረዳሁት ለፈተና ሳይሆን ለሕይወቴ ነው።

ሁለተኛው የጠቀመኝ ነገር ጎንደር ራሷ ናት። የፈተና ጥያቄዎቹ ሁሉ በማላውቃቸው የአሜሪካ ከተሞች ላይ የተሠሩ ናቸው። እኔ ወደ አገሬ ቀየርኳቸው። ደንቡ የአሜሪካ እንደሆነ ይቆይ፣ ተራራውና ደመናው የእኔ ይሁን አልኩ። ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ከተማዋን ቁልቁል እያየሁ ለራሴ ጥያቄ አወጣለሁ።

ለምሳሌ፦ በትንሿ አውሮፕላን በሴስና 172 ወደ አዘዞ፣ ወደ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እየመጣሁ ነው። ከመድረሻዬ 1 ሰዓት በፊት እስከ 1 ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ የትንበያው ደመና ከ2,000 ጫማ በታች፣ ወይም እይታው ከ3 ማይል በታች ከሆነ ተለዋጭ ማረፊያ ማስመዝገብ አለብኝ። ባሕር ዳርን መረጥኩ። በቀጥታ ወደ 55 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። ነዳጁ እስከ አዘዞ፣ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ሌላ 45 ደቂቃ። በምደርስበት ሰዓት የባሕር ዳር ትንበያ ቢያንስ 600 ጫማና 2 ማይል መሆን አለበት፣ ፕሪሲዥን የሚባለው፣ ከፍታንም አቅጣጫንም በትክክል የሚመራ አፕሮች (በመሣሪያ እየተመሩ ወደ ማረፊያው የሚወርዱበት መንገድ) ካለው። ከሌለው 800 ጫማና 2 ማይል። ታዲያ ባሕር ዳር ደርሼ አየሩ ከዚያ ወርዶ ባገኘው ማረፍ አልችልም ማለት ነው? ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ያ ቁጥር ለዕቅድ ብቻ ነው። እዚያ ከደረስክ በኋላ የምትከተለው የአፕሮች ቻርቱን ዝቅተኛ ገደብ ነው።

ሌላው የራስ ደጀን ጥያቄ ነው፤ በጣም የምወደው። ተራራው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ በጫማ ወደ 15,000 ይጠጋል። በተራራማ አገር፣ ለመስመሩ የተወሰነ ከፍታ ከሌለ፣ ግራና ቀኝ 4 ኖቲካል ማይል ውስጥ ካለው ረጅሙ ነገር 2,000 ጫማ ከፍ ማለት አለብህ። ወደ 17,000 ጫማ ማለት ነው። ኦክስጅንስ? ከ12,500 እስከ 14,000 ጫማ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየህ አብራሪው መጠቀም አለበት። ከ14,000 በላይ ያለማቋረጥ። ከ15,000 በላይ ለተሳፋሪውም ሊቀርብለት ይገባል። ይህን ሁሉ ካሰላሁ በኋላ አንድ ነገር ታየኝ፦ ሴስና 172 ድሮም ወደ 14,000 ጫማ ገደማ ላይ አቅሙ ያልቃል። መልሱ «አልሄድም፣ ዞሬ አልፋለሁ» ነው። ሦስት ደንቦችን ለየብቻ ይዤ ነበር። ተራራው ነው አንድ ላይ ያሰራቸው።

አየር ጠባይም እንዲሁ። በሐምሌ ጠዋት ጉሙ ከደምቢያ ሜዳ ተነስቶ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ሲወጣ፣ እርጥብ አየር ሲገፋ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ በዓይኔ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓዱ ሰሜን ተራሮች በኩል ይቆለላል። እርጥበት አለ፣ ያልተረጋጋ አየር አለ፣ ተራራው ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። የነጎድጓድ ደመና የሚፈልጋቸው ሦስቱ ነገሮች በየቀኑ በረንዳዬ ላይ ይቀርቡልኝ ነበር። ከኃይለኛው ነጎድጓድ ቢያንስ 20 ማይል ራቅ ይባላል። ያን ጥቁር ነገር ያየ ሰው ለምን ብሎ አይከራከርም።

እግረ መንገዴን፦ የአየር ጠባይ ዘገባ የሚጻፈው በዙሉ ሰዓት፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። ከዙሉው ላይ 3 ስትቀንስ በቀጥታ የእኛን ሰዓት ታገኛለህ። 12 ዙሉ ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት። ይህን ያወቅኩ ቀን ልጅ ሆኛለሁ።

ሦስተኛው ድምፄን መቅዳት ነው። ፋሲል ግቢን በውጭ በኩል እየዞርኩ ጥያቄ አነብና ለስልኬ እመልሳለሁ። መልሼ ስሰማው አንድ መጥፎ ጠባይ አገኘሁ። መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፣ እኔ ግን አልቆምም። እጨምራለሁ። በጭማሪው ውስጥ የማላውቀውን ነገር ራሴ አነሳለሁ፣ ፈታኙም ያነሳሁትን ተከትሎ ይገባል። ሰኔ ላይ ከወደቅኩባቸው ጥያቄዎች አንዱን ራሴ ነበርኩ የጋበዝኩት። ስለዚህ መመለስና መቆም ተለማመድኩ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይከብዳል። እየቆየ ይለመዳል።

የደንብ መጽሐፉንም ሥራዬ ብዬ ምልክት አደረግኩበት። ፈታኙ ፊት መጽሐፍ መግለጥ ይቻላል። እያንዳንዱን ጥያቄ እየገለጥክ ግን አይሆንም፤ የአደጋ ጊዜውን በቃልህ ማወቅ አለብህ። የመሣሪያ ምርመራ ቀናትን የመሳሰሉትን ግን የት እንዳሉ ማወቅ ይበቃል። እኔ አቅጣጫ የሚያሳየው ሬዲዮ የቪኦአር 30 ቀን፣ የከፍታ መሣሪያው ሥርዓት 24 ወር፣ ለራዳር መልስ የሚሰጠው የትራንስፖንደሩ 24 ወር እያልኩ ብይዛቸውም ገጹን አሳይቼ ነው የምመልሰው። አባባም ይህን ወደዱት። «የማያውቁትን አላውቅም ብሎ መጽሐፍ መግለጥ የሊቅ ወግ ነው» አሉኝ።

የጥያቄና መልስ ስብስቡን አልጣልኩትም። ግን ለመጨረሻው ሳምንት ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ላይ ከያዝከው መልሱን ታውቃለህ፣ ጥያቄውን አትሰማም።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ተያዘ። አባባ ጠዋት ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ለመስማት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ ስንት ዓመት የሰሙትን። ከሰዓት ቅዳሴ ወጥተው ሲመለሱ ደክሟቸውም ቢሆን ይጠይቁኛል። በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ ተሰናብቻቸው ሄድኩ።

አስተማሪዬ ሁለት ቀን አስጠንቶ ፈረመልኝ። ፈታኙ ያው ሰው ነው። ሬዲዮውን አልረሳውም፣ ግን ገልብጦ አመጣው፦ ደመናው እስከ መሬት ነው፣ መቆያ ነጥብ ላይ ነህ፣ አፕሮቹ የሚጀምረው ከዚያው ነጥብ ነው፣ ቀጣይ ፈቃድ የምትጠብቅበት ሰዓት ተነግሮሃል። ወዲያው አልመለስኩም። በወረቀት ላይ ሳልኩት። «ሬዲዮዬ መሞቱን የሚናገረውን ኮድ፣ 7600 አስገባለሁ። እስከዚያ ሰዓት እየዞርኩ እቆያለሁ፣ ልክ ሲሆን አፕሮቹን እጀምራለሁ» አልኩና ቆምኩ።

«ለምን ቀድመህ አትወርድም?»

«ተቆጣጣሪው ከስር ያለውን አየር የሚያጸዳልኝ ለዚያ ሰዓት ስለሆነ።»

ገጹን ገለጠ። አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ መጽሐፍ ፈለግኩ፣ በግማሽ ደቂቃ አገኘሁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ «አውሮፕላኑን አዘጋጅ» አለኝ። በረራውንም በዚያው ቀን ጨረስኩ።

ማታ ደወልኩ። ጎንደር ነግቷል። እናቴ እልል ብላ ስልኩን ለአባባ ሰጠቻቸው። አመሰገኑ፣ መረቁኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስኪ ምን ብለው ጠየቁህ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»