በበርበሬ የሚታሽ ሕመም

እናቴ ባለፈው ዓመት በቀኝ ጎኗ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ነበር። ሽፍታው ደርቆ ጠባሳው ብቻ ቢቀርም ሕመሙ ግን አልለቀቃትም፤ የቀሚሷ ጨርቅ ሲነካት እንደ እሳት ይለበልባት፣ ሌሊትም እንደ መርፌ እየጠቀጠቀ እንቅልፍ ይነሳት ነበር። ሐኪሟ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነርቩን ስለጎዳው ቁስሉ ከዳነም በኋላ ነርቩ የሕመም መልእክት መላኩን እንዳላቆመ አስረድቶን፣ 0.075 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት ቅባት አዘዘላት። ካፕሳይሲን በርበሬንና ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር መሆኑን ስነግራት፣ «ዕድሜዬን ሙሉ በርበሬ ስቀነጥስ ኖሬ አሁን ደግሞ በበርበሬ ልታሹኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። በሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ እንደ በር የሚከፈት ተቀባይ አለ፤ ካፕሳይሲን ይህንኑ በር ስለሚከፍተው ቆዳው ሳይቃጠል አንጎል የተቃጠለ ይመስለዋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ይህን ተቀባይ በ1997 እ.ኤ.አ. የለዩት በካፕሳይሲን እየተመሩ ሲሆን፣ እርሱም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በሩ ደጋግሞ ሲከፈት ነርቩ እየደነዘዘ ይሄዳል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ የነርቩ ጫፍ ከቆዳው ያፈገፍግና ከወራት በኋላ እንደገና ያድጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቅባቱ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለሳምንታት ካልተቀባ ነርቩ አይደነዝዝም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ትርፋቸው ቃጠሎ ብቻ ነው። እናቴም በአራተኛው ቀን «ጭራሽ ባሰብኝ» ብላ ትታው ነበር። በብዙ ልመና ቀጥላ፣ በአምስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም ሌሊቱን መተኛት ቻለች። የሚቀባት ሰው ጓንት ማድረግ፣ እጁንም ወደ ዓይኑ አለመስደድ አለበት። ካፕሳይሲን በውኃ ብቻ እንደማይለቅና በዘይት እንደሚሟሟ ለእናቴ ማስተማር አላስፈለገኝም፤ በርበሬ ቀንጥሳ ስትጨርስ እጇን ዘይት የምትቀባው ለዚሁ ነው።

ከቅባቱ የሚጠነክር 8 በመቶ ካፕሳይሲን የያዘ ልጥፍም አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2009 እ.ኤ.አ. ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር ሕመም፣ በ2020 ደግሞ ስኳር በሽታ እግር ላይ ለሚያስከትለው የነርቭ ሕመም ፈቅዶታል። ለመጀመሪያው 60 ደቂቃ፣ ለእግር 30 ደቂቃ የሚለጠፈው በጤና ባለሙያ እጅ ነው፤ ቆዳው አስቀድሞ በማደንዘዣ ይቀባል፤ የሚደገመውም ቢያንስ ሦስት ወር ቆይቶ ነው።

የእናቴን መሻል የሰማች አንዲት ጎረቤታችን፣ ስኳር ያለባት፣ ሚጥሚጣ በቅቤ ለውሳ እግሯን ልታሽ ተነስታ ነበር። የቤት ሚጥሚጣ መጠኑ አይታወቅም፤ ስሜቱ የደከመ እግር ደግሞ ቢላጥና ቢቆስል ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ቅቤውን ለወጥ አስቀርተን እርሷን ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን።