«የአባቱ ብር ነው»፦ ዝቅ ያለች መኪና በደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ጎሚስታ ደጃፍ ላይ ስትቆም፣ ክሪኩ ከስሯ ሳይገባ ወሬው ይቀድማል። «የአባቱ ብር ነው።» «ይቺ ለዚህ መንገድ ምን ትሠራለች?» «መርገጥ እንጂ ስለ መኪና ምን ያውቃል!» ይሄን የሚለው መንገደኛ ቢሆን ባልገረመ። የሚብሰው ግን ከመኪና ወዳዱ የሚመጣው ነው፤ ካምቢዮ አውርዶ ከሚገጥመው፣ ሚኒሞውን ሰምቶ የትኛው ካንዴላ እንደደከመ ከሚለየው ሰው።

ሐሜቱ የኛ ብቻ አይደለም። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በፈረንጅ 1989 ስትወጣ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ ነበር። እንግሊዞቹ «የፀጉር ሠሪ መኪና» እያሉ ሲያላግጡባት፣ እሷ በፈረንጅ 2016 አንድ ሚሊዮን ተመርታ አለፈች፤ ዛሬም በአማተር ውድድር ሜዳ ላይ ከሚበዙት አንዷ ናት። ፖርሸ ቦክስተር የያዘውን «ውዱን ፖርሸ 911 መግዛት ያቃተው» ይሉታል። ቢኤምደብሊው የያዘው ፍሬቻ አያውቅም ይባላል። ይሄ የመጨረሻው እዚህም ይሠራል፤ እዚህ ግን በየትኛውም መኪና ነው።

ከብሩ እንጀምር። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን በዕድሜና በሞተር መጠን እየለየ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ የምናያት የስፖርት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ የገባች፣ ብዙ እጅ የቀያየረች አሮጌ ናት። ባለቤቷም ከሀብታም ይልቅ ዕቃ ፈላጊ ነው፤ የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራን ከሰፈሩ በላይ ያውቃል። ለምሳሌ በፈረንጅ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራችው ቶዮታ ሴሊካ 1.8ቷ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ የሚባለውን ሞተር ይዛለች፤ የዚያ ዘመን ኮሮላም ይሄንኑ ሞተር ይዞ ወጥቷል። ካንዴላው፣ የዘይት ፊልትሮው፣ ቴርሞስታቱ፣ የውሃ ፓምፑ ከኮሮላ ዕቃ ሻጭ ይገኛል። የሚያስቸግረው መብራቱ፣ በሩና ባምፐሩ ነው። ሴሊካ የሚገዛ ሰው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የፊት መብራቶቹ ኦሪጅናል መሆናቸውን ቢያይ ይሻለዋል፤ ሞተሩ ይጠገናል፣ መብራቱ ግን ከተሰበረ ምትኩን ለወራት መፈለግ ነው።

«ለዚህ መንገድ አይሆንም» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ባለ ሁለት በሯ ቶዮታ 86ም ሆነች ኤምኤክስ-5 ከመሬት የሚርቁት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በተለምዶ ቪ8 የምንለው ላንድክሩዘር 22 ያልፋል። ከአዲስ አበባ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚገባው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ ለዝቅተኛ መኪና ችግር የለበትም፣ ከብሬከሩ በቀር። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ መንዝ ገጠር ወይም ወደ አንኮበር ቀበሌዎች ኮረኮንች መውረድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ የሚከራከር ባለ ስፖርት መኪና ራሱ ሐሜቱን እየመገበ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ሾፌርና ተሳፋሪ ይቀመጡ፣ ታንከሩ ይሞላ። ከስር ያለውን ዝቅተኛውን ነጥብ በማስመሪያ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ የማርሚታው ቱቦ ወይም ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ ነው። ከዚያ ከተገኘው ላይ 2 ሴንቲ ቀንሳችሁ በዚያ ቁመት ካርቶን ቁረጡና መሬት ላይ አቁማችሁ በላዩ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ካርቶኑ ከወደቀ ስትለኩ ያላያችሁት ነገር ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የላላ የፕላስቲክ መከላከያ ነው፣ ብሎኑ ይታሰር። ብሬከር ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ከመግባት አንድ ጎማ አስቀድሞ በሰያፍ መውጣት ሆዷን ያድናል፤ ከኋላ ያለው ባጃጅ ጥሩምባ ቢነፋም።

አሁን ሐሜቱን በትክክል ያተረፉት ሰዎች ጋ እንምጣ፤ ሞላ በግራይንደር የሚቆርጡት። ሞላ ሲቆረጥ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ያ እውነት ነው። ግን የቀረው ሞላ ይጠነክራል፣ የሾክ አብዞርበሩ የመንቀሳቀሻ ርቀት ግን ያንሳል፤ ስለዚህ በየጉድጓዱ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተደፍቆ መጨረሻው ላይ ያለውን ላስቲክ ይመታል። ክሪክ ስትገባ ወይም ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። የጎማው ዘመምታና አቅጣጫም ይለወጣል፤ አላይመንት ካልተሠራ ጎማው ከውስጥ በኩል ይላጫል፣ ከውጭ የሚያየው ሰው ግን አዲስ ይመስለዋል። ዝቅ ማድረግ የፈለገ ለዚያች መኪና የተሠራ አጭር ሞላ ይግዛ፣ ከ3 ሴንቲ አይበልጥ፣ ሾኩን አብሮ ይቀይር፣ በዚያው ቀን አላይመንት ይግባ። ይሄ ካልሆነ ፋብሪካ እንዳወጣት ትቆይ። ማርሚታ መቁረጥም እንደዚያው ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ላይ የሚጨምረው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የሚጨምረው ድምፅ ነው፤ ሌሊት ማኅሌት በቆመበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያንን እያንጓጓ ያለፈ ሰው በማግስቱ ስለ ተገመተበት ነገር ቅር ሊለው አይገባም።

«200 ፈረስ ብሎ ዳገት ላይ በሚኒባስ ይበለጣል» የሚሉም አሉ። ይሄኛው ሐሜት ሳይሆን ፊዚክስ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። 200 ፈረስ የተባለችው ቶዮታ 86 እዚህ ወደ 150 ትጠጋለች፤ ሸዋ ሮቢት ብትወርድ 175 አካባቢ ታገኛለች። ቱርቦ ያለው ሚኒባስ ደግሞ አየሩን አጭቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው ጥቂት ነው። ፊልትሮ ቀይሮ፣ ካንዴላ ቀይሮ «ጉልበቷ አልተመለሰም» የሚል ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ የሚጎድለው አየር ነው። ደግሞም 86 ስትወጣ የተገጠመላት ጎማ ሚሽሊን ፕራይመሲ ኤችፒ የሚባል፣ ፕሪየስም ላይ የሚገጠም ዓይነት ነበር። የተሠራችው ኩርባ ላይ በሚዛን እንድትሄድ ነው። ይሄን ያልተረዳ ወዳጅ ጋር ስለ ፈረስ ቁጥር መከራከር ቡና ማቀዝቀዝ ነው።

ከፍታው ከጉልበቱ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው በራዲያተሩ ክዳን ነው። በደብረ ብርሃን ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው ደግሞ ከ82 እስከ 88 ባለው ውስጥ ነው። በመሃል ያለውን የሚሸከመው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና አዲስ አበባ ደህና ውሎ ጣርማ በር ዳገት ላይ ይፈላል። ከዚያ «የስፖርት መኪና ሞተር ደካማ ነው» ይባላል። ክዳኑ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ካለ በዚያው ቁጥር ይተካ። ንጹህ ውሃ ብቻ ከመሙላትም ኩላንት ግማሽ በግማሽ ይሻላል፤ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭንም ይችላል።

ስለ ውርጭ ከተነሳ፣ ለፍጥነት የተሠራ የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ላስቲኩ ይደርቃል። የደብረ ብርሃን ንጋት ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች እንደ ቀትር መንዳት አይቻልም። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 3518 ካለ በፈረንጅ 2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተኛ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል። በ100 ስትነዱ በየሰከንዱ 28 ሜትር ታልፋላችሁ፤ ጫጫን አልፎ የበግ መንጋ አስፋልቱን ሲሞላው ያረጀ ጎማ የሚጨምራት ጥቂት ሜትር የእረኛውን በግ ትበላለች።

ከሁሉ የከበደው «ነጂው እብድ ነው» የሚለው ነው፤ እሱም የሚመዘነው ዳገት ላይ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1800 ሜትር ያህል ይወረዳል። 1300 ኪሎ የምትመዝን መኪና ይሄን ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ከ60 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ የሚበቃ ነው። የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ የፍሬን ሸራው ይቃጠልበታል።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ዋሻው ጠባብና ጨለማ ስለሆነ መብራት አስቀድሞ ይበራል። ከዋሻው እንደወጡ፣ ፍጥነት ሳይገነባ፣ ማርሽ ወደ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ይወርዳል፤ ያንን ዳገት የሚወጡበት ማርሽ የሚወርዱበትም ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ አይተውም፤ 2 ወይም ኤም ላይ ይደረጋል። ሞተሩ ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ ዙር ላይ ቢጮህ አይጎዳውም። ፍሬን ሲያስፈልግ ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ጠንከር አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነቱን በ10 ቀንሶ፣ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። እግርን ፍሬን ላይ አስደግፎ መውረድ ሸራውን ለመቀዝቀዝ ፋታ ይነሳዋል። ጉም ከሆነ ደግሞ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ያልሆነበት ቀን ብርቅ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚወርደውን ሲኖትራክ ተከትሎ መሄድ ነው። መቅደም የለም።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ሲገባው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ቁልቁለት ላይ ከፈላ አረፋ ይፈጠራል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ «ፍሬን እምቢ አለው» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ዶት 4 ይቀየር። ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አይጠበቅ። ለውድድር የተሠራ ሸራ ገዝቶ መግጠም ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው፤ እሱ ለመያዝ ሙቀት ይፈልጋል፣ በደብረ ብርሃን ጠዋት መጀመሪያ ሲረግጡት ያሳፍራል። ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከላላ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ የእጅ ፍሬን አለመያዝ፣ ማርሽ አስገብቶ ጎማ ስር ድንጋይ ማድረግ። ዲስኩ ላይ ውሃ አይደፋም፤ ይሰነጠቃል።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሊገዛ የቆመ ሹፌር ቸርኬው ስር እጁን አስጠግቶ ሙቀቱን ቢያይ ማን እንዴት እንደወረደ ያውቃል። ባለ ስፖርት መኪናውን «እብድ» ያለው ወዳጅ የገዛ ቪትዙ ጎማ ሥር ተመሳሳዩን ቢያደርግ ደስ ይለናል። በነገራችን ላይ ይሄ ንቀት በሁለቱም ወገን ነው። ባለ ሁለት በር ይዞ ቪትዝ ላይ ተለጣፊ ለጠፈ ብሎ የሚያላግጠው፣ «አውቶማቲክ የሚነዳ ሹፌር አይባልም» የሚለው ያው ራሱ የሚታማው ሰው ነው። ኮፈን ተከፍቶ የዘይት መለኪያው ከተመዘዘ በኋላ ወሬው ይለወጣል፤ ዘይቱን መቼ እንደቀየረ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ሳያመነታ የሚናገር ሰው ላይ ጎሚስታው ደጃፍ ያለው ሕዝብ ብዙ አይቀልድም። «ስንት ትሄዳለች?» ሲሉት ቁጥር ከመጥራት «እዚህ ከፍታ ላይ ሩቡን ታጣለች» ብሎ ቢጀምር ጨዋታው ራሱ ወደ ሞተር ይዞራል።

አንድ ነገር ግን አይቀርም። አራት ሰው ጭና ከፍ ያለ ብሬከር ላይ ስትደርስ ሆዷ ሊመታ ነው፤ ሁለቱ የኋላ ተሳፋሪዎች ሲወርዱ የኋላው ሁለት ሴንቲ ያህል ከፍ ይላል፣ ትሻገራለች። ሰፈሩ ይስቃል። ይሳቅ፤ የዘይት መያዣው ከተሰነጠቀ ሶማሌ ተራ ድረስ አውቶቡስ መያዝ አለ።