ዝገት የበላው መጥበሻዬ እንዴት ነፍስ ዘራ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ በ7 ዶላር ገዛሁት። ከባድ የብረት መጥበሻ ነው። ውጪው የዓመታት ቅባት ጋግሮበት ቅርፊት ሠርቷል፣ ውስጡ ዝጓል። ገልብጬ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ክብ ውስጥ ያለ መስቀል ብቅ አለ። መስቀሉ ላይ «ግሪስዎልድ»፣ ከሥሩ «ኢሪ፣ ፔንሲልቬንያ» ይላል። እጀታው ላይ 8 ቁጥር አለ።

ማን እንደሠራው ሳላውቅ መንካት አልፈለግኩም። ማቲው ግሪስዎልድ ከሰልደን ወንድማማቾች ጋር በ1865 እ.ኤ.አ. ኢሪ ከተማ ላይ ሲጀምር የሚሠሩት የበር ማጠፊያና የመሳሰለውን ነበር። መጥበሻው በኋላ ነው የመጣው። በ1884 የሸሪኮቹን ድርሻ ገዝቶ ፋብሪካውን ጠቀለለው። ኋላም ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመርጧል። 8 ቁጥሩ ኢንች እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን የምድጃ ቀዳዳዎች በቁጥር ይታወቁ ስለነበር መጥበሻውም በዚያው ይጠራል፤ የኔው አፉ 10 ኢንች ተኩል ገደማ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀለል ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ ገበያውን ያዘ። በ1946 ቤተሰቡ ፋብሪካውን ሸጠ። በ1957 ኢሪ ላይ ያለው ፋብሪካ ተዘጋ። ስሙን የወሰዱት የዋግነር ባለቤቶች ናቸው፤ ዋግነር ደግሞ የኦሃዮው የረጅም ዘመን ተፎካካሪው ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ መጥበሻውን መጣል የማይታሰብ ሆነብኝ።

ከሁሉ በፊት የእርሳስ (መርዛማው ብረት) መመርመሪያ ገዝቼ ፈተሽኩት። አንዳንድ ሰው በእንዲህ ዓይነት መጥበሻ የጥይት ወይም የመንጠቆ እርሳስ ያቀልጥበት ነበር። አሮጌ ብረት የምትገዙ ሁሉ ይህችን እንዳትዘሉ፣ አደራ።

ከዚያ ጓንት አድርጌ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የኦቭን ማጽጃ ነፋሁበት። በቆሻሻ ከረጢት አስሬ 3 ቀን በረንዳ ላይ ተውኩት። ቅርፊቱ እንደ ጭቃ ለቀቀ። ዝገቱን ደግሞ እኩል ውሃና ኮምጣጤ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፌ በሽቦ ፈተግኩት። ከዚያ በላይ ቢቆይ ኮምጣጤው ብረቱን ራሱን ይበላዋል። ካጠብኩት በኋላ ስልክ ላነሳ ዞር አልኩ። ስመለስ ብርቱካናማ ዝገት ለብሶ ጠበቀኝ! ለካ ታጥቦ ወዲያው እሳት ላይ መድረቅ አለበት።

ትልቁ ስህተቴ ግን ማሟሸቱ ላይ ነው። የተልባ ዘይት ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ወፈር አድርጌ ቀባሁት። 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቭን ውስጥ 1 ሰዓት ቆይቶ ሲወጣ እንደ ማር ያጣብቃል። ሊያስለቅሰኝ ደረሰ። አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ምጣድ ሲሟሽ አላየሽም? ጎመን ዘሩ ይታሻል እንጂ ይፈስበታል?»

እውነቷን ነው። እናቴ ጎመን ዘሩን ምጣዱ ላይ በጨርቅ ስታሽ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ አጠገቧ ስንቴ ተቀምጫለሁ። ብረት ሲሆን ግን ሌላ ጥበብ መሰለኝ።

የሚያጣብቀውን ሙልጭ አድርጌ አነሳሁትና እንደገና ጀመርኩ። አሁን የሱፍ ዘይት ነው፤ ተልባው ደረቅ ስለሚል ቶሎ ይላጣል ብለው የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። ቀባሁት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ምንም ያልቀባሁት እስኪመስል ድረስ ጠረግኩት። ገልብጬ ኦቭን ውስጥ 1 ሰዓት። አቀዝቅዤ ደገምኩት። በአራተኛው ዙር እንደ ከሰል ጠቁሮ ማብረቅረቅ ጀመረ።

ባለፈው እሁድ ቡና ቆላሁበት። ይህ ብረት ለመሞቅ ይዘገያል፤ አንዴ ከሞቀ ግን ሙቀቱን አይለቅም። ከእሳት ካወረድኩት በኋላም ቡናው መጥቆሩን ቀጠለ። አሁን ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ነው የማወርደው፤ የቀረውን ብረቱ ራሱ ይጨርሰዋል።